ጦርነት አሸንፎ ምርጫ መሸነፍ

«የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትልቁ (አባትየው) ጆርጅ ቡሽ ኢራቅን ከኩዌት ካስወጣ በኋላ በምርጫ እንዴት በቢል ክሊንተን ተሸነፈ? ፓርቲ የሌለው መራጭስ ምን አስቦ ነው?» ላልከው፣ ወንድሜ፣ እኛ ጋ ፕሬዚዳንት የሚመርጠው ፓርላማ ስለሆነ ራሴን በዚያ መራጭ ቦታ አስቀምጬ ልመልስልህ።

እዚህ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ ስሄድ የምሰማው ወሬ ያው ነው፦ ጤፉ፣ ዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ። አሜሪካም እንደዚያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ከ10 አሜሪካዊ 9ኙ ገደማ ቡሽን ይደግፍ ነበር፤ በ1992 ጁን ላይ ግን ሥራ አጥነቱ 7.8 በመቶ ደረሰ። ድል ደግሞ ኪራይ አይከፍልም።

ለኔ ዋናው ግን ቃሉ ነው። በ1988 «አዲስ ታክስ የለም» ብሎ በአደባባይ ቃል ገባ፣ በ1990 ጨመረ። የበጀት ጉድለቱ አስገድዶት ነው ይላሉ፣ ይሁን፣ ግን ያንን ቃል አምኖ የመረጠው ሰው ምን ይበል?

በ1992 ሪችመንድ ከተማ የተካሄደው የተፎካካሪዎቹ ክርክር ደግሞ አለ። አንዲት ሴት የኢኮኖሚውን ችግር ለማለት ፈልጋ «የአገሪቱ ዕዳ በግል እንዴት ነካችሁ?» ብላ ጠየቀች። ቡሽ ሰዓቱን ሲያይ ካሜራ ያዘው፣ ጥያቄውም ቶሎ አልገባውም። ክሊንተን ወደ እሷ ተጠግቶ «አንቺንስ እንዴት ነካሽ?» አላት። እኔን የሚያሸንፈኝ እንደዚህ የሚሰማ ሰው ነው።

ያለ ፓርቲ የተወዳደረው ሮስ ፔሮም ወደ 19 በመቶ ድምፅ አግኝቷል። እኔ ግን አልመርጠውም ነበር፤ በጁላይ ውድድሩን ጥሎ ወጥቶ በኦክቶበር የተመለሰ ሰው ላይ አገር አልጥልም።