ድሎት ከምን ይሠራል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ደሞዜ በቤት ኪራይና በአስቤዛ ያልቃል፤ ሰው ሁሉ ሪዞርት ሲዝናና በስልኬ እያየሁ እተኛለሁ። በዚህ ኑሮ ውስጥ ድሎት የሚባል ነገር ይገኛል? የሞከራችሁት ካለ ንገሩኝ» ብለሻል። ብዙዎች «ያለሽን አመስግኚ» ብለው መልሰውልሻል። ማመስገን መልካም ነው፤ አንቺ የጠየቅሽው ግን እሱን አይመስለኝም። ሰውነትሽ የሚያርፍበትን፣ «ዛሬስ ተንደላቀቅኩ» የምትይበትን ነገር ነው የፈለግሽው። የምመልስልሽም በዚያው ነው።

እኔ መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን ከማገዱ በፊት ዱባይ ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ሀብታም ቤት ነበር። እብነ በረዱን፣ መኪናውን፣ ትልልቁን መብራት ሁሉ ባለቤቶቹ ለምደውት ዞር ብለው እንኳ አያዩትም ነበር። የእመቤቲቱ ፊት ሲፈታ የማየው ሌላ ጊዜ ነው፦ የተተኮሰ አንሶላ ውስጥ ስትገባ፣ ሄል የገባበት ቡና በደላ፣ በዓረቦቹ ጀበና፣ ሲቀርብላት፣ ከመታጠቢያ ስትወጣ ልብሷ ቡኹር በሚሉት ጭስ ታጥኖ ሲጠብቃት። ያንን ሁሉ የማሰናዳው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ድሎት ከምን እንደሚሠራ በእጄ አውቀዋለሁ። ሰው ቀደም ብሎ አስቦልሽ፣ አንቺ ስትደርሺ ተሰናድቶ የሚጠብቅሽ ነገር ነው። አገሬ ስመለስ ለሌላ ሰው ሳደርገው የኖርኩትን ለራሴ የማላደርገው ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። የሚያሰናዳልኝ ሠራተኛ የለኝም። ግን ማታ ላይ ሆኜ ነገ ጠዋት ለምትነሳው ሴት ላሰናዳላት እችላለሁ፤ ያቺም ሴት እኔው ነኝ።

ከአልጋ ጀምሪ። አንሶላ ስትገዢ ጥጥ መሆኑን እይ። ፖሊስተር የበዛበት ላብ አይመጥም፣ ሌሊት ያሞቃል፣ ቆየት ሲልም ትንንሽ የክር ድብልብል እያወጣ ይሻክራል። የሚለዋወጥ ሁለት ካለሽ ይበቃል። ቅዳሜ ጠዋት እጠቢው፣ ፀሐይ ላይ አስጪው፣ እርጥበቱ ጨርሶ ሳይጠፋ ተኩሺው። ጊዜ ካጠረሽ የትራስ ልብሱን ብቻ ተኩሺ፤ ፊትሽ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ ገላሽን ታጥበሽ ፀሐይ ፀሐይ በሚሸት አንሶላ ውስጥ ስትገቢ፣ ያን ጊዜ ጥያቄሽን ራስሽ ትመልሺዋለሽ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሪ ከሆነም አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ለዚህ ይበቃል። እሱም ካልተገኘ እግርሽን ታጠቢ። በገጠር ከመንገድ ለመጣ እንግዳ እግሩን የሚያጥቡት ድካም ከዚያ እንደሚወጣ ስለሚያውቁ ነው።

ጋቢ ካለሽ በየሳምንቱ አትጠቢው፣ በፀሐይ አናፍሺው። ልትገዢ ካሰብሽ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ሂጂና ማጉ፣ በአግድም የሚገባው ክር፣ የእጅ ፈትል መሆኑን ጠይቂ። በቁመት የሚወጠረው ድሩ አሁን በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ ለስላሳነቱን የሚሰጠው ግን ማጉ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ ሳይከብድ የሚያሞቀውም ለዚህ ነው። የእጅ ሥራ የሆነ፣ ለአንድ ሰው ትከሻ የተፈተለና የተሸመነ ልብስ በሌላ አገር የባለጸጋ ዕቃ ነው። እኛ ጋ ሰው ቴሌቪዥን እያየ ይደርበዋል። ይህን ሳስብ እውነትም ደስ ይለኛል።

ቡና ላይ ረዘም ብል ፍቀጂልኝ። ጥሬውን ግዢ፤ ለብቻሽ ሩብ ኪሎ ይበቃሻል። ሐረር ከነገለፈቱ ደርቆ የሚዘጋጅ ስለሆነ ጣዕሙ ወፈር ይላል። ይርጋጨፌ በብዛት ታጥቦ ስለሚዘጋጅ ቀለል ያለና የአበባ ሽታ ያለው ነው። ሁለቱንም በየተራ ቅመሺና የራስሽን ያዢ። ስትለቅሚ ጥቁሩን፣ የነቀዘውንና የተሰባበረውን ያለ ርኅራኄ አውጪ፤ ጥቂት የተበላሸ ፍሬ የጀበናውን ሁሉ ጣዕም ይቀይረዋል። ማታ ቆልተሽ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀሽ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አኑሪው። መውቀጡን ግን ለጠዋት ተዪው፤ ቡና ከተወቀጠ ወይም ከተፈጨ በኋላ መዓዛው ፈጥኖ ይበተናል። ረከቦቱ ላይ ሲኒውን ከማታው ደርድሪ። ጠዋት ስትነሺ የሚቀርሽ መውቀጥና ማፍላት ብቻ ይሆናል። ሲኒውስ የትኛው? ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ ተብሎ የተቀመጠው። እባክሽ አውጪው። እናቶቻችን ጥሩ ጥሩውን ዕቃ ለእንግዳ እያስቀመጡ ራሳቸው በተሸራረፈ ሲኒ ጠጥተው ኖሩ። እንግዳ ማክበራቸውን እወዳለሁ፤ ራሳቸውን ከእንግዳ በታች ማድረጋቸው ግን ዛሬም ያመኛል።

ዕጣን ካማረሽ ፍሙ ጢሱን ጨርሶ አመድ ሲለብስ ትንሽ ብቻ ጣል አድርጊ። የመተማና የሁመራ ዕጣን ለሽቶ መሥሪያ ውጭ አገር ድረስ የሚሄድ ነው፤ ቁንጥሩ ቤቱን ይሞላል። ከሰል ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ በፍጹም። ሽታ የሌለው ጋዙ ተኝተሽ ሳለ ይገድላል። መስኮት ክፈቺ፣ ሳትተኚም ምድጃውን ከቤት አውጪ።

«ይህ ሁሉ የድሮ ነገር ነው፣ እኔ ሽቶና ቸኮሌት ነው የሚያምረኝ» ብትዪኝም አልፈርድብሽም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር እንደዘለለ ታስታውሻለሽ፤ ከዚያ ወዲህም አልቆመም። ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ የታሰረ ድሎት በተጠጋነው ቁጥር ይሸሸናል። ቡናው፣ ማሩ፣ ጥጡም ተወዷል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ከምርጡ ጥቂት ሊገዛ ይችላል። ጥሩ ነጭ ማር በትንሽ ብልቃጥ ገዝተሽ እሑድ እሑድ በትኩስ ዳቦ ብትበዪው ወር ያደርስሻል። ወቅቱን የጠበቀ ነገርም እንዲሁ ነው፤ የነሐሴ በቆሎ እሸት በወቅቱ፣ ትኩሱን ሲበሉት ነው ጣዕሙ።

ስለ ስልኩ ብዙ አልልም። እኔ ቡና ስጠጣ ሌላ ክፍል አስቀምጠዋለሁ፤ የሰው ሪዞርት እያየሁ የራሴ ሲኒ አይጣፍጠኝም።

ደግሞ በግልጽ ልንገርሽ፤ ኪራይ መክፈል አቅቶሽ ከሆነ ወይም ዕዳ ካስጨነቀሽ ይህ ሁሉ መልስ አይሆንሽም። ችግር በዕጣን አይሸፈንም። ያኔ የሚያስፈልግሽ የገቢ ምክር ነው፤ እሱንም ጠይቂን፣ እዚህ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ደሞዙ እንደምንም ከወር ወር የሚያደርስሽ ከሆነ ግን የነገርኩሽ ይሠራል።

ከዚህ ወር ጥቂት ከተረፈሽ መጀመሪያ የጥጥ አንሶላውን ግዢ፤ ጋቢው ይቆይ። ሽሮ ሜዳ የምትሄጂ ጊዜ የበዓል ሰሞን አይሁን፤ ከእንቁጣጣሽ፣ ከገናና ከጥምቀት በፊት ዋጋው ይወጣል። ጥሬ ቡና ስትገዢም የተለቀመ ነው ቢሉሽ አትመኚ፤ ትንሽ በመዳፍሽ ዘርግተሽ እይና ፍሬው እኩል መጠንና እኩል ቀለም ካለው ውሰጂ። የትኛው ሰፈር እንደምትኖሪ ከጻፍሽልኝ ጥሩ የሚሸጡበትን እዚሁ እጠቁምሻለሁ።