አዲሱን ቲፕ ገና አትጣለው

አንድ የጅማ ልጅ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ አጎቴ ከዱባይ የስኑከር ስቲክና አንድ ፓኮ ኤልክ ማስተር ቲፕ (ስቲኩ ጫፍ ላይ የሚለጠፈው፣ ኳሱን የሚነካው ቆዳ) አመጣልኝ። የስቲኩ የድሮ ቲፕ አልቆ ስለነበር አዲሱን በሱፐር ግሉ ራሴ ለጠፍኩት። የምጫወተው ሰፈር ያለ ፑል ቤት ነው። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ጠርዙ ከናሱ፣ ስቲኩ ጫፍ ላይ ካለው ቀለበት፣ ወጥቶ እንጉዳይ መሰለ። ፋልሶ ልመታ፣ ማለትም ኳሱን ከመሃሉ ውጭ መትቼ ላሽከረክር ስል ይንሸራተታል። ድምፁም ደፍኗል። ጓደኞቼ ‹ፎርጅድ ነው፣ ጣለው› ይሉኛል። ምን ይሻላል?»

ጓደኞችህ ቸኩለዋል። የነገርከኝ ሦስት ችግር ነው፤ ምክንያታቸውም አንድ አይደለም። የጠርዙ መውጣት የቲፑ ጠባይ ነው። ድምፁን የሙጫው ነገር ይመስለኛል። መንሸራተቱ ደግሞ ከቅርፁም፣ ቲፑ ላይ ከሚቀባው ቾክም፣ ትንሽ ካንተም ሊሆን ይችላል። አንድ በአንድ እንየው።

ኤልክ ማስተር በክሮም የለፋ፣ አንድ ወጥ፣ ለስላሳ ቆዳ ነው። እንደ ካሙይ ያሉት የጃፓን ቲፖች ስስ ቆዳ በስስ ቆዳ ላይ ተደራርቦ የተሠሩ ናቸው፤ ቅርፃቸውን ቶሎ አይለቁም፤ ዋጋቸው ግን ሌላ ነው። ለስላሳ ወጥ ቆዳ ስትመታበት ይጠቀጠቃል። ሲጠቀጠቅ ደግሞ የሚሄድበት የለውም፤ ወደ ጎን ይወጣል። ይሄ በመጀመሪያዎቹ የጨዋታ ሰዓታት የሚጠበቅ ነገር ነው። ጠርዙን ትቆርጠዋለህ፣ ትጫወታለህ፣ እንደገና ትንሽ ይወጣል፣ እንደገና ትቆርጠዋለህ። ከሁለት ከሦስት ጊዜ በኋላ ይረጋል። ለእኔ አዲስ ቲፕ መፈተን ያለበት ከዚያ በኋላ ነው። በለጠፍክበት ቀን ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ማለት አይቻልም።

አቆራረጡን ልንገርህ፣ ብዙ ስቲክ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። መጀመሪያ የናሱን ቀለበት ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ጠቅልለው። ስቲኩን ገልብጠህ ቲፑን ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አቁመው። አዲስ ምላጭ ወይም ከተር ያዝ፤ የደነዘዘ ምላጭ ቆዳውን ይቀደዋል እንጂ አይቆርጠውም። ምላጩን ከናሱ ጎን አስጠግተህ ወደ ታች፣ ወደ ጣውላው ግፋው። በአንዴ ለመጨረስ አትሞክር። ስስ ስስ እያደረግህ፣ ስቲኩን እያዞርክ ላጠው። ቆዳው ከናሱ ጋር እኩል ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ምላጩን አስቀምጥና ቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት አንሳ። ወረቀቱም ከናሱ ወደ ቲፑ ጫፍ ብቻ ይሂድ። ወደ ኋላ ከመለስከው የቆዳውን ጠርዝ ከሙጫው ታላቅቀዋለህ። በመጨረሻ ጣትህን በምራቅ ነካ አድርገህ ጎኑን አርጥበው፤ በተጣጠፈ ወረቀት ወይም በቁራጭ ቆዳ እስኪያብለጨልጭ ድረስ ፈትገው። ያብለጨለጨ ጎን ጠንካራ ጎን ነው፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ አይወጣብህም።

ጎኑ ሲያልቅ ወደ አናቱ እንሂድ። ኪስህ ውስጥ የአምስት ሳንቲም ትገኝ ይሆን? አሁን ማንም አይቀበላትም፤ ለዚህ ሥራ ግን ከሷ የተሻለ የለም። ከቲፑ ጎን አቁመህ ኩርባቸውን አስተያይ። የስኑከር ቲፕ አናት ከሷ ኩርባ ጋር ቢቀራረብ ጥሩ ነው። የአንድ ብሩ ሳንቲም ሰፋ ስለሚል በሱ ከለካህ ቲፑ ጠፍጣፋ ይሆንብሃል። ጠፍጣፋ ቲፕ ደግሞ ፋልሶ ስትመታ ኳሱን የሚያገኘው በጠርዙ ነው፤ ያኔ ይንሸራተታል። የወጣውን ጠርዝ ሳትቆርጥ ስትጫወት የቆየኸው በዚህ ዓይነት ቲፕ ነው።

ድምፁን ለማጣራት ናሱን በሳንቲም ቀስ ብለህ መታ መታ አድርገው። ከተንቀጫቀጨ የላላው ቀለበቱ ነው፤ ቲፑን አትውቀስ። ናሱ ደህና ከሆነ ቲፑን በአውራ ጣት ጥፍርህ ወደ ጎን ግፋው፤ መጋጠሚያውንም ወደ ብርሃን አዙረህ እየው። የፀጉር ያህል ክፍተት ካየህ ሙጫው በደንብ አልያዘም ማለት ነው። ፍቀለውና እንደገና ለጥፈው። የናሱን ፊት አሮጌው ሙጫ እስኪለቅ በምላጭ አጽዳ። የቲፑን ጀርባ ደግሞ መስታወት ላይ በተነጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ላይ እየጎተትክ አስተካክል፤ በእጅህ ይዘህ ከፈገፈግከው መሃሉ ይጎብጣል። ሱፐር ግሉ ወፍራሙን ዓይነት ፈልግ። ቀጭኑ ለስላሳ ቆዳ ውስጥ ይሰርግና ታችኛውን ክፍል ድንጋይ ያደርገዋል። አንዲት ጠብታ ትበቃለች። ስቲኩን ቀጥ አድርገህ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተጫነውና እስከ ማግስቱ አትንካው። አሮጌ ሙጫ ለማላቀቅ ናሱን ከሰል ላይ የሚያሞቁ ሰዎች አሉ። አደራ! ከናሱ ሥር ያለው እንጨት ይቃጠላል፤ እሱን ወደ እኔ ብታመጣውም አልመልስልህም።

የጅማ ዝናብም አለ። ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፤ ለስላሳው ቲፕ ክረምት ላይ የባሰ ይለሰልሳል። ቾኩም ይረጥባል፣ ይቀባል እንጂ አይይዝም። ፑል ቤቱ መስኮት ላይ የተቀመጠውን ቾክ ትተህ የራስህን በደረቅ ኪስ ያዝ። ቾኩን ቲፑ ላይ አታሽከርክረው፤ ብሩሽ እንደያዝክ ጠረግ ጠረግ አድርገህ አናቱን በሙሉ ሸፍነው። ስቲኩንም ከሲሚንቶ ግድግዳ ጋር አስደግፈህ አታሳድረው። የስኑከር ስቲክ አብዛኛውን ጊዜ አሽ የሚባለው እንጨት ነው፤ ዛሬ ቀጥ ያለው በዚህ እርጥበት ሰኔና ሐምሌን ተደግፎ ከቆየ ሊጎብጥ ይችላል። በሣጥኑ አስተኝተህ አስቀምጠው።

አሁን ወደ ፈተናው። ነጩን ብቻ በጠረጴዛው ረጅም መስመር መሃል አስቀምጥ። መሃሉን መትተህ ወደ ማዶው ጠርዝ ላከው። ተመልሶ ወደ ቲፑ መምጣት አለበት። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከሄደ ስቲኩን በእጅህ ውስጥ ሩብ ዙር አዙረህ እንደገና ምታ። የሚስትበት ጎን ስቲኩን ስታዞር ከተለወጠ ቲፑ ጠማማ ነው። አሁንም ወደዚያው ከሳተ ክንድህ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይናደዳል።

ቀጥለህ ከ9 እስከ 15 ካሉት ባለ መስመር ኳሶች አንዱን እንደ ነጭ ተጠቀም። መስመሩን ቀጥ አድርገህ ወደ አንተ አዙረውና ፋልሶ ምታ፤ ከዚያ ቾኩ የት ላይ እንዳረፈ እይ። ትልቁ የፑል ኳስ ስፋቱ 57 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። ከመሃሉ 14 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለትም እስከ መስመሩ ጠርዝ ድረስ፣ መሄድ ትችላለህ። ከዚያ ካለፍክ የዓለም ምርጥ ቲፕ ቢሆንም ይንሸራተታል። ምልክቱ ከመስመሩ ውስጥ ሆኖም ከተንሸራተተ ግን ቲፑ ቾክ አልያዘም። አናቱን በብርጭቆ ወረቀት ነካ ነካ አድርገህ ሻክረው። ለስላሳ ቲፕ በራሱ ተጨማሪ ፋልሶ ይሰጣል የሚሉህን አትስማ። ፋልሶ የሚመጣው ከምትመታበት ቦታና ከአመታትህ ነው። ቲፑ የሚሰጥህ ስሜቱን ነው።

ይሄን ሁሉ አድርገህ፣ ሦስቴ ቆርጠኸውም ጠርዙ መውጣቱን ካላቆመ ያ ቲፕ በጣም ለስላሳ ደርሶህ ነው። አንድ ፓኮ ውስጥ ያሉት ሁሉ እኩል አይደሉም። የቀሩትን እብነ በረድ ወይም ሴራሚክ ላይ አንድ በአንድ ጣላቸውና ድምፃቸውን ስማ። ጠንከር ያለ ድምፅ የሚሰጡትን ለብቻ አስቀምጥ፤ ጥፍርህንም ተጫንባቸው። በወተት ዘፍዝፈው በሞርሳ ጠቅጥቀው የሚያጠነክሩም አሉ፤ አሜሪካኖቹ ይወዱታል። ይሠራል፤ ግን ሙሉ ፓኮ ላለው ሰው ድካም ነው። ወተቱን ጠጣው።

አንድ ነገር ግን በደብዳቤህ አልጠቀስክም፤ በዚህ ስቲክ ጨዋታ ትከፍታለህ? የስኑከር ኳስ 52.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፑሉ ያንሳል፣ ይቀላል። ያንተም ቲፕ ለዚያ የሚሆን፣ 9 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በሙሉ ኃይልህ ትልቁን ነጭ ከመታህበት የረጋውም ቲፕ እንደገና ይወጣል። ለመክፈቻ የቤቱን ስቲክ ውሰድ፣ ከዚያ ወደ ራስህ ተመለስ። የቲፑ ጎን ከፍታ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሲወርድ ደግሞ ናሱ ኳስ ሳይነካ ቀይረው።