ፓምፑን ከመቀየርዎ በፊት ፓኔሉን ይወልውሉት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ አካባቢ ሩብ ሄክታር ቀይ ሽንኩርት በጉድጓድ ውሃ አለማለሁ። ፓምፑ የሚሠራው በሶላር ነው። ክረምት እንደወጣ 200 ሊትሩን በርሜል በ4 ደቂቃ ይሞላ ነበር። አሁን ጥር ላይ 6 ደቂቃ ይፈጅበታል። ጠዋትም ዘግይቶ ነው የሚነሳው። ሽንኩርቱ ራስ መያዝ ጀምሯል። አንድ ጠጋኝ «ፓምፑ ደክሟል፣ ቀይረው» አለኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ገንዘብዎን ገና አያውጡ። መጀመሪያ ፓኔሉ ዘንድ ይሂዱና መስታወቱን በጣትዎ ሰረዝ ያድርጉት። ጣትዎ ያለፈበት ጠቁሮ፣ ዙሪያው ቡናማ ሆኖ ከታየ ሌባው አቧራው ሊሆን ይችላል።

የአዳማን ጥር ያውቁታል። ዝናቡ ከቆመ ቆይቷል፣ ነፋሱ አያርፍም፣ የጤፍ ውቂያው እብቅ አለ። ክረምት ላይ ፓኔሉን ዝናብ ያጥብልዎ ነበር። አሁን የሚያጥበው የለም።

ፓምፕ እንደ አምፖል አይደለም። አምፖል ኃይል ቢያንሰውም ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ፓምፕ ግን ውሃውን ከጉድጓዱ አፍ ለማድረስ የግድ የሚያስፈልገው ጉልበት አለ። ከዚያ በታች ቢሽከረከርም ጠብታ አያወጣም። ፓኔሉ ሲቆሽሽ ደግሞ እዚያ ጉልበት ላይ የሚደርሰው ፀሐይዋ ከፍ ካለች በኋላ ነው። ጠዋት የሚዘገየው ለዚህ ነው። ማታም ቀድሞ ይቆማል። ቮልቴጅ (የኤሌክትሪኩን ግፊት) ብቻ ለክቶ «ፓኔሉ ደህና ነው» የሚልዎትን አይመኑ። ፓኔል ቢቆሽሽም ቮልቴጁ ብዙም አይወርድም። የሚወርደው አምፔሩ (የሚፈሰው የኤሌክትሪክ መጠን) ነው።

ከአቧራው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የወፍ ኩስ ነው። በፓኔሉ ውስጥ ያሉት ሴሎች፣ ማለትም ፀሐይን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት ትናንሽ ክፍሎች፣ በተከታታይ የተያያዙ ናቸው። ቦይ መሃል ጓል ቢወድቅ ከታች ያለው መደብ ሁሉ ይጠማል አይደል? ልክ እንደዚያ ነው። የተሸፈነው ሴል ደግሞ ይግልና ውሎ አድሮ ሊቃጠል ይችላል። በታችኛው ጠርዝ ላይ የሚጋገረው ጭቃም ያው ነው። እሱን ብዙ ሰው አያየውም።

የሚያጥቡት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ መስታወቱ ሳይሞቅ ይሁን። ማጥፊያውን ያጥፉ። ቀትር ላይ የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፉ ሊሰነጠቅ ይችላል። በደረቁ አይፈትጉት፣ አሸዋው ይጭረዋል። ውሃ አፍስሰው ትንሽ ይጠብቁ፣ አፈሩ ይልቀቅ። ከዚያ በስፖንጅ ወይም በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብለው ይጥረጉ። አመድ፣ ሽቦ፣ ኦሞ አያስጠጉ። የአካባቢያችን የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ጨው አለበት። በራሱ ከደረቀ፣ ውሃ ማፍያው ድስት ላይ እንደሚታየው ነጭ ነገር ይተዋል። ስለዚህ በንጹህ ጨርቅ ያድርቁት። ፓኔሉ ላይ ግን በፍጹም አይውጡ። መስታወቱ ደህና መስሎ ሴሉ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል።

በየስንት ጊዜው ቢሉኝ፣ በጋውን በየ15 ቀኑ ይጀምሩ። ውቂያ ወይም የአፈር መንገድ አጠገብዎ ካለ በየሳምንቱ ያድርጉት። ፓኔሉ ጠፍጣፋ ተኝቶ ከሆነም ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ያድርጉት። ዝናብ ሲመጣ አፈሩን ይዞ ይወርዳል።

አሁን በርሜሉን ይጠቀሙበት። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን 6 ሰዓት ላይ ይሙሉና ደቂቃውን ይጻፉ። በማግስቱ ጠዋት ፓኔሉን አጥበው፣ በዚያው ሰዓት ደግመው ይሙሉት። ወደ 4 ደቂቃ ከተጠጋ ነገሩ አለቀ። ካልተለወጠ ገመድ ላይ ድንጋይ አስረው የጉድጓዱን ውሃ ይለኩ። በበጋ ውሃው ዝቅ ሲል ፓምፑ ከሩቅ ስለሚስብ ይዘገያል። ቀጥሎ የፓምፑ ወንፊት መደፈኑን ይዩ። ፓምፑን የሚጠረጥሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እስከዚያው ሽንኩርቱን አያስጠሙት። ሥሩ ጥልቅ አይሄድም፣ ራስ በሚይዝበት ጊዜ ጥም ከነካው ያንሳል። ውሃው አልበቃ ካለ ማሳውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ ያጠጡ።