ፋፍሳ ላይ አክስቴን ወላጄ አድርጌ ልሙላ?

«የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አክስቴ ቤት ነው የምኖረው። ከአባቴ ጋር በዲቪ ከመጣን አምስት ዓመት ሆነን፤ እናቴ ሕፃን ሳለሁ ነው ያረፈችው። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከስቴት ስቴት ሲዞር ይከርማል፤ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ፋፍሳ (የፌዴራል መንግሥቱን የኮሌጅ እርዳታ ማመልከቻ) እንሙላ ስለው ‹ገቢዬን አሳይቼ ኋላ ዕዳው እኔ ላይ ይምጣ?› ይላል። አክስቴ ደግሞ ‹እኔን ወላጅ አድርገሽ ሙዪ፤ ታክስ ላይም የማስገባሽ እኔ ነኝ› ትላለች። ታክስ የሚሠራልን ሰውዬ በ250 ዶላር እሞላልሻለሁ ብሎኛል። ግራ ገባኝ።»

ልጄ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። 250 ዶላርሽን ያዢ። ፋፍሳ ሲባል የመጀመሪያው ፊደል ራሱ «ፍሪ»፣ «ነፃ» ማለት ነው፤ የሚሞላውም በስቱደንትኤይድ ዶት ጎቭ ላይ ያለ አንዲት ሳንቲም ነው። ይባስ ብሎ ሰውዬው በአባትሽ ስም አካውንት ከከፈተ ፊርማቸውን ፈረመ ማለት ነው። አካውንቱ ሕጋዊ ፊርማ ስለሆነ ልጅም ብትሆኚ ለአባትሽ መክፈት አትችዪም።

ወደ አክስትሽ ልምጣ። እኛ ዘንድ ያሳደገ ወላጅ ነው፤ አክስትሽም ቅር ቢላቸው አይፈረድባቸውም። ቅጹ ግን ማን እንዳሳደገሽ አይጠይቅም። ለፋፍሳ ወላጅ ማለት የወለደሽ ወይም በጉዲፈቻ በሕግ የወሰደሽ ነው። አክስት፣ አጎት፣ አያት፣ ታላቅ እህት አብረሻቸው ብትኖሪም፣ ታክስ ላይ ቢያስገቡሽም አይሆኑም። ፍርድ ቤት አክስትሽን ሕጋዊ አሳዳጊሽ ብሎ ወስኖ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ የማንንም ወላጅ ገቢ ሳትጠየቂ ብቻሽን ትሞዪ ነበር። ከጻፍሽልኝ እንደምረዳው እንዲህ ያለ ወረቀት የለም። አውቆ ሐሰት ያስገባ ሰው እስከ 20,000 ዶላር መቀጮ ወይም እስራት እንደሚጠብቀው ቅጹ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ኮሌጁም ሰነድ አምጪ ሊልሽ ይችላል። ለነገሩ የአክስትሽ ደመወዝ ስሌቱ ውስጥ አለመግባቱ አንቺኑ ሳይጠቅምሽ አይቀርም።

ስለዚህ ጉዳዩ ያለው አባትሽ ጋ ነው። የእሳቸውን ፍርሃት ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰቦችን ቅጽ ሳስሞላ በየሳምንቱ ነው የምሰማው፤ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የሚፈርሙት ምን እንደሆነ ያስረዳቸው ሰው አለመኖሩ ነው። አባትሽ የሚፈቅዱት አይአርኤስ (የታክስ መሥሪያ ቤቱ) እጁ ላይ ያለውን የታክስ መረጃ ወደ ቅጹ እንዲያስተላልፍ ነው። ገቢያቸውን መንግሥት አዲስ አያውቀውም፤ ታክስ ሲያስገቡ ራሳቸው ነግረውታል። የሚተላለፈው ቁጥር ስክሪን ላይ አይወጣም፣ አንቺም አታዪውም። (ይህን ስነግራቸው ትከሻቸው ዘና የሚልላቸው አባቶች አሉ፤ ገቢያቸውን ከመንግሥት ይልቅ ከልጃቸው ነበር የሚደብቁት።) ደግሞም ይህ የብድር ፊርማ አይደለም። በስምሽ ብድር ከወሰድሽ በሌላ ወረቀት የምትፈርሚው አንቺ ነሽ፣ ከፋይዋም አንቺ ነሽ። ወላጅ ባለዕዳ የሚሆነው ፓረንት ፕላስ የሚባለውን ብድር ራሱ ጠይቆ ሲፈርም ወይም ለግል ብድር ዋስ ሲገባ ነው።

እምቢ ቢሉስ? ያለ እሳቸው ፈቃድ ፔል ግራንት አይታሰብም። እሱ ደግሞ የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ ጣሪያው በ2025-26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነበር። ወላጆቻቸው እምቢ ላሉ ተማሪዎች የቀረው ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን የሚቆጥር ብድር ብቻ ነው፤ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከ5,500 ዶላር አይበልጥም። «አባቴ አልፈርምም አለ» ማለት ብቻውን ራሷን የቻለች፣ ያለ ወላጅ የምትሞላ አያሰኝሽም።

የጭነት መኪናው የራሳቸው ከሆነ «የተከፈለኝን ሁሉ ያዩብኛል» ብለው እንዳይሰጉ ንገሪያቸው። የሚታየው ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱና ጥገናው ተቀንሶ የቀረው ነው። ለ2026-27 የሚታየው የ2024 ታክስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ ቀዝቅዞባቸው ከሆነ ማስረጃ ይዛችሁ የኮሌጁን የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ጠይቁ፣ እንደገና ሊያዩት ይችላሉ። ቅጹ በሚሞላበት ቀን ባንክ ያለው ገንዘብም ሊጠየቅ ይችላል፤ ዕቁብ ደርሷቸው አስቀምጠውት ከሆነ እሱም ያው ገንዘብ ነው። የሚኖሩበት ቤትና የጡረታ ቁጠባቸው ግን አይቆጠርም።

አሁን ብዙ ሐበሻ የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ደረስን፤ ስም። ሀና ተስፋዬ የአባቷ ስም ተስፋዬ ወልዴ ነው እንበል። አባቷ አካውንት ሲከፍቱ ሀና አጠገባቸው ሆና የአያት ስም በሚለው ሳጥን ውስጥ የራሷን «ተስፋዬ» ታስጽፋለች፣ አካውንቱ አልገጥም ይላል። እዚያ ሳጥን የሚገባው «ወልዴ» ነው። የፊደል አጻጻፉም፣ የልደት ቀኑም ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዳቸው ሲወጣ ከተመዘገበው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አንዲት «ዋይ» በ«አይ» ብትለወጥ ይመልስሻል። የልደት ቀን ከኛ አቆጣጠር ሲመለስ ተሳስቶ ከተመዘገበ እንኳ የሚገባው ያው የተሳሳተው ነው። ስለዚህ ስሙን ካርዱ ላይ፣ ቀኑን ግሪን ካርዱ ላይ እያየሽ አንብቢላቸው እንጂ ከቃላቸው ብቻ አይጻፍ። ያንቺንም ግሪን ካርድ አጠገብሽ አድርጊ፤ ኤ ብሎ የሚጀምረው ቁጥር ይፈለጋል።

ቅጹ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ኦክቶበር 1 ነው። የፌዴራሉ ማብቂያ ቀን ሩቅ በመሆኑ አትዘናጊ፤ የሜሪላንድ ግዛት የራሱን እርዳታ የሚሰጠው በማርች 1 ቀነ ገደብ ነው፣ ኮሌጆችም የየራሳቸው ቀን አላቸው።

አባትሽ በሚቀጥለው ሲመጡ ቡና አፍልታችሁ፣ አክስትሽም ባሉበት ተቀመጡ። እህታቸው «ፈርም» ቢሏቸው ከእኔ ይልቅ ይሰማሉ። አካውንቱን ራሳቸው በራሳቸው ስልክና ኢሜይል ይክፈቱ፣ አንቺ አጠገባቸው ሆነሽ አንብቢላቸው። በስልክ እንጨርሰው ካሉ ደግሞ መኪናውን አቁመው ይሁን፤ የማረጋገጫ ኮዱ እየነዱ ሳለ መጥቶ ጊዜው ያለፈበት አባት አውቃለሁ፣ ሁለተኛ ለማስጀመር ሦስት ሳምንት ፈጀብን።