«ክፍት ቦታ» ብዬ የጻፍኩት ሜዳ

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ በመጋዘኑ ግንብና በአሸዋው መሃል ስትጫወቱ ቆሜ አየኋችሁ። ሰባት ለሰባት ነበራችሁ። ኳሷ ግንቡን ባለፈች ቁጥር ዘበኛውን ስትለማመጡት አንጀቴን በላችሁት። ከመሃላችሁ አንዱ መጥቶ «ጋሼ፣ ይሄ ድሮም ሜዳ ነበር እንዴ?» ሲለኝ ዝም አልኩት። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ሠላሳ አምስት ዓመት ቀያሽ ሆኜ ስሠራ የዚያን ሜዳ ነገር ያበላሸሁት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ከጥንቱ ልጀምርላችሁ። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሃዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 እዚህ ሲደርስ ነው ከተማ የሆነችው። ኳሱም የመጣው ከሠራተኛው ጋር ነው፤ ምድር ባቡር የራሱ ቡድን ነበረው፣ የጥጥ ፋብሪካውም እንደዚያው። የፋብሪካው ቡድን፣ ኮተን የምንለው፣ በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ወስዷል። በ1957ም የመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ዋንጫ ሲካሄድ ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ሆኖ አክራ ድረስ ተጉዟል። ይህን ለማንም ብትነግሩት አይከራከራችሁም፤ ተጽፎ አለና።

የእኛ ሜዳ ግን ከፋብሪካም ከባቡርም አልነበረም። ትልልቆቹ ወንድሞቻችን እሾሁን መንጥረው፣ ድንጋዩን ለቅመው ያወጡት ነው። የጎሉ ቋሚ ከወርክሾፕ የተጣለ አሮጌ ሃዲድ ነበር፤ አንዱን ለመሸከም አራት ሰው ያስፈልጋል። ሃዲዱን ሲቆርጡት ስላሳነሱት አግዳሚው ከመሬት 2 ሜትር ከ20 ብቻ ነበር፤ ደንቡ 2 ሜትር ከ44 ነው። አንዱ ከውጭ ቡድን የመጣ በረኛ «ለድንክ ነው የሠራችሁት?» ብሎ ሲስቅ ትዝ ይለኛል። በዚያ ቀን አራት ገባበት።

መሬቱም ሜዳ አይባልም ነበር። ከተራራው በኩል ወደ ወንዙ ያዘነብላል። በኋላ በመሣሪያ ስለካው በላይ ጎልና በታች ጎል መሃል የ1 ሜትር ከ30 ልዩነት አገኘሁ። ስለዚህ ዕጣ የወጣለት አምበል ሁልጊዜ መጀመሪያ ሽቅብ መጫወትን ይመርጣል፤ ከዕረፍት በኋላ እግር ሲዝል ቁልቁለቱ ያግዘዋል። ከሌላ ሰፈር የሚመጡት ይህን ብልሃት እስኪነቁበት ብዙ ዋንጫ በልተናል። ዋንጫ ስል ፍየል ማለቴ ነው።

በየካቲት 1968 የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ላይ ሲዘጋጅ ከሁለቱ ምድቦች አንዱ የተጫወተው በእኛው ስታዲየም ነው፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የ1966ቱ ሻምፒዮን ዛየር አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ከድሬ ተሰናበተች፤ ናይጄሪያን 3 ለ 1 የረታችው ሞሮኮ ዋንጫውን በላች። በማግሥቱ ሜዳችን ላይ ሁሉም «እኔ ፋራስ ነኝ» ይል ነበር፤ የሞሮኮው አምበል አህመድ ፋራስ ማለት ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ እየተሰዳደብን የጨርቅ ኳስ ስንለጋ አመሸን። የስታዲየሙ ጨዋታ ውጤቱም ግብ አግቢውም ዛሬ ድረስ ይገኛል። የእኛን የማግሥቱን ማን ጻፈው?

አሁን ወደ ጥፋቴ።

በ1986 የሰፈሩን ይዞታ ስንለካ ያ አካባቢ ለእኔ ደረሰ። ጠዋት ጀምሬ ችካል ስተክል ዋልኩ። ሰባት ሰዓት አለፈ፤ በዚያ ሰዓት ድሬ ላይ ከአህያ በስተቀር የሚንቀሳቀስ እንደሌለ ታውቃላችሁ። ከሜዳው ስደርስ ሰው አልነበረም። ርዝመቱን 84፣ ወርዱን 51 ሜትር ብዬ መዘገብኩ፤ ልኩ ትክክል ነበር። ስሙ ላይ ግን «ክፍት ቦታ» ብዬ ጻፍኩ። ተረከዜ የተላጠበትን መሬት! ሁሉም ሰው ሜዳ መሆኑን ያውቃል፣ ምን ይጻፋል ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሙቀቱ አስቸኩሎኝ ነበር።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድብን የእኛም ደረቅ ወንዝ አብሮ ሞላ። ሜዳው ላይ ጉልበት የሚደርስ አሸዋና የድንጋይ ክምር ጥሎ ሄደ። ለቅሶ ላይ ነበርን፤ ኳስ ማን ያስባል? ጠራጊ ጠፍቶ፣ ጨዋታ ቀርቶ ከረመ። ለመጋዘን ቦታ የሚፈልግ ሲመጣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ፕላኑን ገለጡ። ፕላኑ ክፍት ቦታ ይላል፤ ሄደው ሲያዩትም የሚጫወት የለም። ግማሹን ለመጋዘን ሰጡት። እነሱን ለመውቀስ አፌን ስከፍት የራሴ የእጅ ጽሕፈት ይታየኛል።

ስለዚህ የምመክራችሁ ጩኸት አይደለም። ከዘበኛው ጋር አትጣሉ፤ ደመወዝተኛ ነው። የቀረውን ግማሽ «የስፖርት ሜዳ» በሚል ስም ፕላን ላይ አስገቡት። በስልካችሁ ጂፒኤስ እንለካለን እንዳትሉኝ፣ አምስት ሜትር ሊሳሳት ይችላል፤ አምስት ሜትር ድሬ ላይ አንድ ሱቅ ነው። ከማመልከቻው ጋር ታሪኩን አያይዙ። ለዚህ ደግሞ የቀድሞ ተጫዋቾችን ብቻ አትጠይቁ፤ እኛ ያላገባነውን ጎል የምናወራ ሰዎች ነን። ከላይ ጎል ጀርባ ሻይና ሳምቡሳ ይሸጡ የነበሩትን እናት ጠይቋቸው። የትኛው ቡድን በየትኛው ዓመት ሳይከፍል እንደሄደ ሳይቀር ይነግሯችኋል። እየጻፋችሁ ስሟቸው፣ ቀኑንም አትርሱ። የማሊያ ፎቶ ያለው ቤት ካለ ፎቶውን አትውሰዱ፣ በስልክ አንሡትና መልሱ።

አንድ ማስረጃ ደግሞ ከመሬት በታች አለ። የታች ጎል ሃዲዶች ሲነሡ ከሥር አልተነቀሉም፤ በመጋዝ ተቆረጡ እንጂ። ጉቶዎቹ እናንተ ኮርነር ከምትመቱበት ድንጋይ ወደ ወንዙ በኩል አራት እርምጃ ያህል ርቀው፣ አሸዋው ውስጥ አሉ። እነሱ ከተገኙ የድሮውን መስመር ከ1986ቱ ደብተሬ ላይ አገናኝቼ አወጣላችኋለሁ፤ ደብተሩን አልጣልኩትም።

ቅዳሜ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ኑ። አካፋ ሁለት ይበቃል። ሜትሩን እኔ አመጣለሁ።