የጎርፍ ካርታ መሥራት ትፈልጊያለሽ? ከፎገራ ጀምሪ

ሰላም እህቴ። በጂኦግራፊ ተመርቀሽ ሥራ እየፈለግሽ እንደሆነ፣ ጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መሥሪያና የቦታ መረጃ መተንተኛ) ትንሽ እንደምትችዪና በሳተላይት መረጃ የጎርፍ ዝግጅት ላይ መሥራት እንደምትመኚ ጽፈሽልኛል። ጥያቄሽ «ማስተርስ ልቀጥል ወይስ ፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ልማር?» ነው። ሁለቱም ይቆዩ። መጀመሪያ አንድ ቦታ ምረጪና የምትችዪውን ሠርተሽ አሳዪ።

ጣና ሐይቅ ዳር ያለውን የፎገራን ሜዳ ውሰጂ። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ ወርደው ጣና ከመግባታቸው በፊት ክረምት ላይ ሞልተው ሜዳው ላይ ይፈሳሉ። ያኔ ደግሞ ሰማዩ ደመና ስለሆነ ተራ የሳተላይት ፎቶ ብዙም አይረዳሽም፤ የሚያስፈልግሽ ራዳር ነው፤ የራሱን ሞገድ ወደ መሬት ልኮ ተመልሶ የሚመጣውን ይቀበላል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጠቁት የአውሮፓ ሴንቲኔል-1 ሳተላይቶች ደመናም ሌሊትም አያግዳቸውም፣ መረጃውም በነጻ ነው። የረጋ ውሃ የራዳሩን ሞገድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያነጥረው ምስሉ ላይ ጠቁሮ ይታያል። የሚያዝያንና የነሐሴን ምስል ጎን ለጎን አድርገሽ እዪ፣ ውሃው የት እንደተኛ ይገባሻል። ጉግል ኧርዝ ኢንጂን ላይ ከሠራሽው ሥራው በኢንተርኔት በጉግል ኮምፒውተሮች ላይ ስለሚካሄድ ላፕቶፕሽ አሮጌ ቢሆንም ችግር የለም።

ግን ፎገራ የሩዝ አገር ነው! ማሳ ውስጥ የቆመ ውሃም ይጠቁራል። ገበሬው ፈልጎ ያቆመውን ውሃ «ጎርፍ» ብለሽ ካርታ ላይ ካሰፈርሽ ማንም አያምንሽም። ስለዚህ የብዙ ዓመት ምስል አነጻጽሪ፣ ከቻልሽ ደግሞ ቦታው ድረስ ሄደሽ ነዋሪውን ጠይቂ። ይሄን ልዩነት ማስረዳት ከቻልሽ ቃለ መጠይቅ ላይ ከብዙዎች ትለያለሽ ብዬ አምናለሁ።

ሳተላይት ሁሉንም አያይም። አንድ ሴንቲኔል-1 ተመልሶ ያንኑ መስመር ለማንሳት 12 ቀን ይፈጅበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው እንደወሰደው ያለ ደራሽ ጎርፍ በሁለት ምስል መሀል መጥቶ ሊያልፍ ይችላል። ለእንዲህ ያለው የዝናብ ትንበያና ከላይ ተፋሰሱ ላይ ሆኖ የሚደውል ሰው ያስፈልጋል።

ሥራውን ፍለጋ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን፣ የሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፣ ቀይ መስቀልና የእርዳታ ድርጅቶች ጋር ሞክሪ። እነሱ የሚፈልጉት ያማረ ቀለም አይደለም። የትኛው ቀበሌ ቀድሞ ይጥለቀለቃል? የትኛው መንገድ ይቆረጣል? እህልና መድኃኒት ክረምት ሳይገባ የት ይቀመጥ? ካርታሽ እነዚህን ይመልስ።

ስትጨርሺ ወረዳው የአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት ወስደሽ አሳዪያቸው፣ የሳትሽውን ይነግሩሻል። አርመሽ ከሲቪሽ ጋር አያይዢው። ፓይተኑን ያን ጊዜ ጀምሪ፣ ለምን እንደምትፈልጊው ታውቂያለሽ።