መልስ፦ አንዲት የአንጎል ሴል ካላሰበች ሀሳብ ከየት ይመጣል?

አንዲት ሴል ብቻዋን እንደማታስብ እስማማለሁ። «ስለዚህ አንጎል ውስጥ አንድ አዛዥ መኖር አለበት» ያልከው ግን አልተዋጠልኝም።

ከቀፎ ወጥቶ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የንብ መንጋ አይተሃል? ወደ 10,000 ንብ ሊሆን ይችላል። አዲስ ቤት የሚፈልጉት ጥቂት መቶ ቃኚዎች ናቸው። ጥሩ የዛፍ ቀዳዳ ያገኘችው ተመልሳ ሌሎቹን ቃኚዎች ወደዚያ ለመጥራት ትጨፍራለች። ቦታው በተሻለ ቁጥር ጭፈራው ይረዝማል። የሌላ ቦታ ደጋፊ ደግሞ መጥታ በጭንቅላቷ ገጨት ታደርጋትና አጭር ድምፅ ታሰማለች፤ «በቃ አቁሚ» ነው ነገሩ! አንዱ ቦታ ላይ 20 ወይም 30 ያህል ቃኚዎች ከተሰበሰቡ አለቀ፣ መንጋው ለመነሳት ይዘጋጃል። ንግሥቲቱ? ምንም አላዘዘችም። አብዛኞቹ ቃኚዎችም ያዩት አንድ ቦታ ብቻ ነው።

አንጎልህም መንጋውን ይመስላል፤ ውስጡ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉ። አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሳል፣ ወይም ዝም ያሰኛል። ጦጣዎች ዓይናቸውን ወዴት እንደሚያዞሩ ሲወስኑ ተጠንቷል፤ የአንዳንድ ሴሎች እንቅስቃሴ ቀስ እያለ ይጨምርና የሆነ ልክ ላይ ሲደርስ ዓይን ይዞራል።

ይሄ ውሳኔ እንዴት እንደሚወለድ ያሳያል። ቡና ሲሸትህ የሚሰማህ ስሜት ከየት እንደመጣ ግን አይነግርህም። እሱ ላይ ፈላስፎቹም ሳይንቲስቶቹም ገና እየተጨቃጨቁ ነው።